የመኪና ጥያቄና መልስ፦ «ቦምብ ላይ አልቀመጥም»

ሰሞኑን የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ሦስቱ ስለ ጋዝ ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ከዚሁ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከጣሊያን። ጋዙ የተለያየ ነው፤ ፍርሃቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኢንግልዉድ ነው። ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። አንድ ጓደኛዬ የ2017 ቶዮታ ሚራይ በጣም በርካሽ አገኘልኝ። በሃይድሮጂን የሚሄደው ማለት ነው። መኪናው ንጹሕ ነው፤ ብዙም አልተነዳም። ችግሩ እናቴ ናት። ሃይድሮጂን የሚለውን ስትሰማ «ቦምብ ላይ አልቀመጥም! እሱን ከገዛሽ ቤተ ክርስቲያን በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አለች። እኔም ብሆን ልቤ ሙሉ አይደለም። መኪናውን የማሳድረው ከቤታችን ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ እናትሽን ሰላም በዪልኝ። ከእሳቸው ልጀምር።

የሎስ አንጀለስ ሜትሮ የመጨረሻውን የናፍጣ አውቶቡስ ያሰናበተው በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሶቹ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ሲሄዱ ኖረዋል፤ አሁን አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኮቹ እየተጨመሩ ነው። ጋዙ የሚቀመጠው ጣሪያው ላይ ነው። ከላይ ጉብ ብሎ የምታዪው እሱ ነው። ሲሊንደሮቹ ሲሞሉ ግፊታቸው 250 ባር አካባቢ ይደርሳል። የመኪናሽ ጎማ ሁለት ባር ከምናምን ብቻ ነው። እናትሽ ቦምቡን ሸሽተው የሚሳፈሩት እንግዲህ ከዚያ ሥር ነው። ይህን ስትነግሪያቸው ቀስ ብለሽ ይሁን። በእግሬ እሄዳለሁ ብለው እኔን እንዳይረግሙኝ።

የሃይድሮጂን ቦምብ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እሱ የኒውክሌር መሣሪያ ነው፤ ለማስነሳት ራሱ ሌላ የአቶም ቦምብ ይፈልጋል። ከመኪናው ጋር የሚጋሩት ስም ብቻ ነው።

እውነተኛው አደጋ እሳት ነው። እዚህ ላይ እናትሽ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤንዚን ተን አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው የሚቀጣጠለው። ከዚያ ካነሰም ከበዛም አይነድም። ሃይድሮጂን ግን ከ4 በመቶ ጀምሮ እስከ 75 በመቶ ድረስ ይነድዳል። ለመለኮስ የሚበቃው ብልጭታም ቤንዚን ከሚፈልገው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሹራብ ስታወልቂ የሚንጣጣው ይበቃዋል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ሽታም የለውም። ቡታጋዝ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ሽታው ግን ድኝ አለበት፤ ድኝ ደግሞ የዚህን መኪና ፊውል ሴል፣ ማለትም ከሃይድሮጂኑ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን ክፍል፣ ይገድለዋል።

አሁን ሌላውን ወገን ስሚ። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ይቀላል። ካመለጠ ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ ያውም በፍጥነት። ቤንዚን ሲያፈስ ግን መኪናው ሥር ይተኛና የሚለኩሰውን ይጠብቃል። በ2001 የማያሚ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስዌይን ሁለት መኪኖች አቁሞ፣ አንዱ ሃይድሮጂን ሌላው ቤንዚን እንዲያፈስ አድርጎ ለኮሳቸው። ሃይድሮጂኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነደደ፤ ጋዙ ሲያልቅ ጠፋ። የመኪናው ውስጥ ብዙም አልሞቀም። የቤንዚኑ መኪና ነድዶ አለቀ።

ቤንዚንን የማንፈራው ስለለመድነው ነው። እኔ ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ ሲሳብ፣ የሞተር ዕቃ በክፍት ሳፋ በቤንዚን ሲታጠብ እያየሁ ነው ያደግኩት። አለቃችን ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ነበር የሚያጥበው። አንድም ሰው ቦምብ ሲል አልሰማሁም።

ታንኩን በተመለከተ፣ የሚራይ ታንክ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ የካርቦን ፋይበር ደጋግሞ ተጠቅልሎበታል። የሚሠራው በ700 ባር ነው። ከዚያ ሁለት እጥፍ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈነዳ ተደርጎ ይሠራል። መኪናው በእሳት ቢያያዝ ሙቀቱ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ አንድ ቫልቭ ራሱ ይከፈትና ጋዙን ወደ ውጭ ይለቀዋል። በዚያን ጊዜ ኃይለኛ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ታንኩ እንዳይፈነዳ ነው የሚተነፍሰው። አንቺ ግን ራቂ፤ ነበልባሉ አይታይም ብዬሻለሁ። በግጭት ጊዜ የታንኩ ቫልቮች ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ማፍሰሱን የሚያውቁ መሣሪያዎችም አሉት።

ወደ ጋራዡ እንምጣ። ገብተሽ የውሃ ማሞቂያውን እዪው። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ መቆሚያ ላይ ከፍ ብሎ ነው የተተከለው፤ እሳቱ ከወለሉ 18 ኢንች ይርቃል። እዚህ አገር ሕጉ እንደዚያ ያዛል። ለምን? የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚጠራቀመው፤ ከማሞቂያው እሳት ጋር እንዳይገናኙ ነው። ሃይድሮጂን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወለሉን ትተሽ ጣሪያውን ነው የምታስቢው። ከፍ ብሎ የተሠራ የአየር መውጫ ካለ ክፍት ይሁን። ለአገር ቤት የተሰናዳው ሻንጣ ሁሉ እሱ ላይ ተደርድሮ ካገኘሽው አንሺው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው። ይህ መኪና ከኋላው ውሃ ያንጠባጥባል። ሃይድሮጂኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክና ውሃ ነው የሚሰጠው። ጋራዥ ከመግባትሽ በፊት ውሃውን የምታስለቅቂበት ቁልፍም አለው። ጠዋት ወለሉ ረጥቦ አይተው «አፈሰሰ!» ብለው ጎረቤት እንዳይጠሩ።

ማደያው ላይ ያለው ነገር ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ሃይድሮጂን በፍጥነት ሲሞላ ይሞቃል። ስለዚህ ማሽኑ አስቀድሞ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያቀዘቅዘዋል። አንቺ ኖዝሉን (የቱቦውን መሙያ አፍ) ሰክተሽ ትቆልፊያለሽ፤ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይበቃል። ከፊትሽ ሦስት አራት መኪና ቀድቶ ከሆነ ግን ኖዝሉ በረዶ ሠርቶ መኪናሽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ሰውዬ እግሩን ጎማው ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ሲጎትተው አይቻለሁ። እንደዚያ አይደረግም። ትንሽ ስትጠብቂ በረዶው ይለቃል፤ ኖዝሉም ሳይታገልሽ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ የእኔ ምክር፣ አትግዢው።

ፍንዳታ ፈርቼ አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ማደያው ነው። ሼል በካሊፎርኒያ የነበሩትን የአነስተኛ መኪኖች የሃይድሮጂን ማደያዎች በየካቲት 2024 ዘግቶ ወጥቷል። የኪሎው ዋጋ አንዳንድ ቦታ 36 ዶላር ሲደርስ አይተናል። የ2017ቱ ሚራይ አምስት ኪሎ ይይዛል፤ ሞልቶ 312 ማይል ይሄዳል ተብሎ ነው የተመዘገበው። በዚያ ዋጋ አንዴ ለመሙላት 180 ዶላር ነው። በማታ ሥራሽ ስንት እንደሚተርፍሽ አስዪው። ማሽኑ ደግሞ ይበላሻል፤ ወይ ጋዙ አልቋል ትባያለሽ፤ ቀጣዩ ማደያ ደግሞ ሩቅ ነው። በሰኔ 2019 ሳንታ ክላራ ውስጥ አንድ የሃይድሮጂን መጫኛ ቦታ ፈንድቶ የሰሜን ካሊፎርኒያ ባለ ሚራዮች ለወራት ተቸግረዋል። ቶዮታ ለአዲስ ገዢዎች የሚሰጠውን የነዳጅ ካርድም ከግለሰብ ስትገዢ አብሮ ይመጣል ብለሽ አትቁጠሪ። መኪናው የረከሰው ያለ ነገር አይደለም።

አይ፣ እገዛዋለሁ ካልሽ የነዳጁን ክዳን ከፍተሽ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። ታንኩ እስከ መቼ እንደሚሞላ ቀኑ እዚያ አለ። ያ ቀን ካለፈ አይቀዳም። ተጋጭቶ የተጠገነ ከሆነም ታንኩን የሚያውቅ ሰው ሳያየው እንዳትከፍዪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? አዲስ አበባ በቪትዝ ታክሲ እሠራለሁ። የቤንዚን ሰልፍ ቀኔን እየበላው ነው። ሰፈራችን ያለ መካኒክ «የቡታጋዝ ሲሊንደር ከኋላ አስቀምጬ ከሞተሩ ጋር ላገናኝልህ፤ ውጭ አገር ታክሲ ሁሉ የሚሄደው በዚህ ነው» አለኝ። የሞተሩን ዕቃ ከውጭ አስመጥቷል። ሲሊንደሩ ግን ያው የኩሽናው ነው። ባለቤቴ ሰምታ አኮረፈች። እውነት ውጭ አገር እንደዚህ ይሠራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መካኒኩ ግማሹን እውነት ነግሮሃል፤ ሰው የሚያስጨርሰው ሌላው ግማሽ ነው።

ውጭ አገር በዚህ ጋዝ መሄዱ እውነት ነው። የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት ሠርተውበታል። የሆንግ ኮንግም እንዲሁ። ቱርክ ውስጥ በዚህ ጋዝ የሚሄዱት የቤት መኪኖች በቤንዚን ብቻ ከሚሄዱት በልጠው የነበሩበት ጊዜ አለ። ግን በሕጉ መሠረት ከተሠሩት አንዱም ከኋላው የኩሽና ሲሊንደር አልጫነም።

የመኪናው ታንክ ላይ አንድ የቫልቭ ስብስብ አለ። ታንኩ 80 በመቶ ሲሞላ አንዱ ይዘጋል። የቀረው ሃያ ባዶ መሆን አለበት፤ ፈሳሹ ፀሐይ ሲመታው ይሰፋልና። መኪናህን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደምታቆም አስብ። ሌላው ቫልቭ ግፊቱ 27 ባር ሲደርስ ተከፍቶ ያስተነፍሳል። ሌላው ደግሞ ቱቦው ቢበጠስ ጋዙ እንዳይዘረገፍ ይዘጋል። ሞተሩ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭም አለው። ታንኩ ከሻንሲው ጋር በብረት ቀበቶ ይታሰራል፤ ቫልቮቹ አየር በማያስገባ ሽፋን ውስጥ ሆነው ያፈሰሰው ሁሉ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። የኩሽናው ሲሊንደር ይህ ሁሉ የለውም። ቆሞ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ለምድጃ ቀስ እያለ እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ተጋድሞ በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ቱቦውን የያዘችው ማጥበቂያ ምን ያህል ትቆያለች?

ደግሞ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ነው የሚወርደው። በወንበሩ ሥር አልፎ ተሳፋሪው እግር ሥር ይተኛል። አንድ ሰው ሲጋራ ሲለኩስ፣ ወይም አንተ ቁልፉን ስታዞር አለቀ።

በ1999 መጀመሪያ ሊዮን አጠገብ፣ ቬኒሲየ በምትባል ከተማ፣ በዚህ ጋዝ የምትሄድ አንዲት መኪና ሰዎች አቃጠሏት። ታንኳ ማስተንፈሻ ቫልቭ አልነበረውም። እሳቱን ሊያጠፉ በቀረቡት ላይ ፈነዳ፤ በርካታ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ ተጎዱ። ፈረንሳይ ቫልቩን ግዴታ ያደረገችው ከዚያ በኋላ ነው። የሃይድሮጂኑም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በሰኔ 2019 ኦስሎ አጠገብ ሳንድቪካ ላይ አንድ የሃይድሮጂን ማደያ ፈነዳ። የፍንዳታው ንዝረት ብቻ በአጠገቡ ያለፈ መኪና ኤርባግ እስኪያስወጣ ድረስ ነበር። ሲመረመር ምን ተገኘ? የአንድ ታንክ መድፈኛ ብሎኖች በደንብ አልጠበቁም። እኔ በጋዝ አደጋ የጋዙን ዓይነት ከመጠየቄ በፊት ማን አሰረው ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

የአንተን ጭንቀት አውቃለሁ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ያለችህን ቪትዝ እንደ ዓይንህ ብሌን ነው የምትጠብቃት። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ የምርመራ ማህተምና የተሠራበት ዓመት የተመታበት ታንክ፣ ሙሉ ቫልቭ ያለው፣ የሚፈትሽልህና ፈቃድ የሚሰጥህ አካል ካለ፣ ያኔ እናውራ። እሱ ከሌለ ሰልፉ ይሻልሃል። ባለቤትህን ይቅርታ ጠይቃት።

ሌላም ላስጠነቅቅህ። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረት ተጀምሯል። ነገ ከነገ ወዲያ «በተፈጥሮ ጋዝ ላስኬድልህ» የሚል መምጣቱ አይቀርም። እሱ ሌላ ጋዝ ነው። ከአየር ይቀላል፤ መኪና ውስጥ የሚገባው ግን ከ200 ባር በላይ ተጨምቆ ነው። የቡታጋዝ ሲሊንደር ያን ግፊት እንዲችል አልተሠራም። አንዱን በሌላው ልሙላልህ የሚልህን ሰው ደግመህ አትየው።

ለቤት የተሞላውን ሲሊንደር ስትጭን ደግሞ እንዲህ አድርግ። ቁመቱን ጠብቀህ አቁመው፤ እንዳይንከባለል እሰረው። መስኮት ክፈት። ተሳፋሪ አትጨምር። ቤት እንደደረስክ አውርደው፤ መኪና ውስጥ አይደር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ቦሎኛ አሮጊት የምጠብቅ ሠራተኛ ነኝ። በጂፒኤል፣ ማለትም በቡታጋዙ ዓይነት ጋዝ፣ የምትሄድ ፊያት ፓንዳ አለችኝ። ልጄ «ሱፐርማርኬቱ ምድር ቤት አታቁሚያት፤ ክልክል ነው» ይለኛል፤ ሁሉም ሲያቆም አያለሁ። ደግሞ ታንኳ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው ቀይሪ ተባልኩ። ምንም ሳይሆን ለምን እቀይራለሁ?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ግማሽ ልክ ነው። የመኪናው ወረቀት ላይ 67አር-01 የሚል (የጋዙ ዕቃ የደኅንነት ደንብ ቁጥር ነው) ካለ ጣሊያን ውስጥ የመጀመሪያው ምድር ቤት ድረስ ማቆም ይፈቀዳል። ከዚያ በታች አይፈቀድም። ምክንያቱ ያው ነው፤ ጋዙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከምድር ቤት በታች ደግሞ መውጫ የለውም። መግቢያው ላይ የተለጠፈ ክልከላ ካለ ግን የሚበልጠው እሱ ነው።

ታንኩን ይቀይሩት። አሥር ዓመት የሕጉ ገደብ ነው፤ ካለፈ ሬቪዚዮኔውን፣ የመኪና ምርመራውን፣ አያልፍም። ብረቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል። የሚያረጁት የቫልቮቹ ጎማዎችና ስፕሪንጎቹ ናቸው፤ እነሱን በዓይን አያዩአቸውም። ሲቀየርም ታንኩ ብቻ ሳይሆን ቫልቮቹም አብረው ይቀየሩ፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ይዩት።

ነዳጅ ሲቀዱ ኖዝሉ ሲነቀል ትንሽ ጋዝ ፊሽ ብሎ ይሸታል፤ ጤነኛ ነገር ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ከውስጥ ከሸተተዎ ግን ቁልፉን አያዙሩ፤ መብራትም አያብሩ። በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይራቁና ሜካኒኩን ይጥሩት። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ በጋዝ ነው የምትሄደው ብለው የቤንዚኑን ታንክ ባዶ አያድርጉት። ፓንዳዎ ስትነሳ በቤንዚን ነው የምትነሳው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወደ ጋዝ የምትዞረው። ሩብ ያህል ሁልጊዜ ይኑራት።